ለእንግዳ የመሰከረ ዶሮ

ከጆሃንስበርግ መሀል ከተማ ወደ ደቡብ የሚወርድ መንገደኛን ቀድመው የሚቀበሉት ቢጫ ኮረብታዎች ናቸው። አናታቸው ጠፍጣፋ ነው፤ ጎናቸውን ዝናብ ሸንትሮታል፤ ሣሩም እዚህም እዚያም ካልሆነ አልያዘላቸውም። ከሩቅ ጋራ ይመስላሉ፤ ሲቀርቧቸው ግን የሰው እጅ የከመራቸው መሆናቸው ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ1886 ወርቅ ከተገኘ ወዲህ ከመሬት ሆድ እየተፈለፈለ የወጣው አለት ተፈጭቶ፣ ወርቁ ተለቅሞ፣ የቀረው ዱቄት የተቆለለው እዚህ ነው።

“ጋሼ፣ ይሄን ሁሉ አፈር ያወጡት እንደኛው ከሰው አገር የመጡ ናቸው” አለኝ መኪናውን የሚነዳው ልጅ።

ልጅ ማለቴ የድሮ ጎረቤታችን ልጅ ስለሆነ ነው። ከሆሳዕና የወጣው ገና ጢሙ ሳይበቅል ነበር፤ አሁን የሁለት ልጆች አባት ሆኗል። የኛ ሰዎች “ጄፒ” በሚሉት ሰፈር ብርድ ልብስና ጫማ ይሸጣል። ከአዲስ አበባ ስመጣ ሶዌቶን፣ የማንዴላን ቤት፣ የአፓርታይድን ሙዚየም ሊያሳየኝ አቅዶ ነበር። ሮዜተንቪል ውሰደኝ ስለው ግራ ገባው። “እዚያ ምን አለ?” አለኝ። “የዶሮው አገር እሱ ነው” አልኩት።

ዶሮውን መጀመሪያ ያየሁት ዋሽንግተን ነው። እዚያ የምትኖር እህቴ ልጆቿን ይዛ ወደ አንድ ምግብ ቤት አስገባችኝ። በሩ ላይ ቀይ ጉትዬ ያለው፣ ደረቱ ላይ ልብ የተሳለበት አውራ ዶሮ ቆሟል። ናንዶስ ይባላል። ልጆቹ የፖርቱጋል ምግብ መሆኑን ነገሩኝ። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ሥዕሎች የደቡብ አፍሪካ ሠዓሊዎች ሥራ ነበሩ። ስለ በርበሬው የሚያወራው ጽሑፍ ደግሞ ሞዛምቢክን ይጠቅሳል። እህቴ ቀምሳው “ሚጥሚጣ ሚጥሚጣ ይላል” አለች። አንድ ሳህን ላይ አራት አገር ተቀምጦ ነበር። “ታዲያ ይሄ ምግብ የማን ነው?” የሚለው ጥያቄ ያኔ ገባብኝ፤ ዓመታት አልፈውም አልወጣልኝም። ወደ ሮዜተንቪል የወሰደኝ እሱ ነው።

ሮዜተንቪል ለጎብኚ ብሎ የተሰናዳ ሰፈር አይደለም። ዝቅ ዝቅ ያሉ የጡብ ቤቶች አሉት፤ ጣሪያቸው ቆርቆሮ፣ በረንዳቸው ጠባብ ነው። ዋናው መንገድ ዳር ፀጉር ቤቱ፣ የስልክ ጥገናው፣ የአሮጌ ዕቃ መሸጫው ተደጋግፈው ቆመዋል። እግረኛው በዙሉ ይነጋገራል፤ በፖርቱጊዝ ይጣራል፤ በፈረንሳይኛ ይከራከራል። ዛሬ የሚኖሩበት ብዙዎቹ ከሞዛምቢክ፣ ከዚምባብዌ፣ ከኮንጎና ከናይጄሪያ የመጡ ሰዎች ናቸው። በአፓርታይድ ዘመን ሕጉ ለነጭ ብቻ የከለለው ሰፈር ነበር። ነጭ ሲባል ግን ሁሉም እኩል የደላው አልነበረም። ከማዴይራ ደሴት የመጡ ፖርቱጋላውያን አትክልት ነጋዴዎችና ዓሣ ጠባሾች የሰፈሩት በዚህና በጎረቤቱ በላ ሮሼል ነው።

በኋላ ሌላ ማዕበል መጣ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 25 ቀን 1974 ሊዝበን ውስጥ ወታደሮች የቆየውን አምባገነን መንግሥት ገለበጡ። በዓመቱ፣ ሰኔ 25 ቀን 1975፣ ሞዛምቢክ ነጻ ወጣች። እዚያ ይኖሩ የነበሩት ፖርቱጋላውያን አብዛኞቹ በጥቂት ወራት ውስጥ ለቀው ወጡ። ገሚሱ አይቶት ወደማያውቀው ወደ ፖርቱጋል ሄደ፤ ገሚሱ ድንበሩን በመኪና ተሻግሮ ጆሃንስበርግ ገባ። የቅኝ ገዢ ወገን ነበሩና ስደታቸውን ከሌላው ስደት ጋር በአንድ ሚዛን አልሰፍረውም። ሞዛምቢካውያን ነጻነታቸውን ያገኙት በደማቸው ነው። ነገር ግን በአንድ ሻንጣ አገር የለቀቀ ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ቤቱንና መሬቱን ጥሎ ምላሱን ይዞ ይሄዳል። እነዚህም ከሎሬንሶ ማርኬስ፣ ከዛሬዋ ማፑቶ፣ የያዙት የከሰል ላይ ዶሮ ነበር። በነጭ ሽንኩርት፣ በሎሚ፣ በዘይትና በፒሪ ፒሪ ታሽቶ የሚጠበስ ዶሮ። ያንን ዶሮ በነጩ ጓሮ ይጠብስ የነበረው አብዛኛውን ጊዜ ጥቁር ሞዛምቢካዊ መሆኑም ሊረሳ አይገባም።

እ.ኤ.አ. በ1987 በዚህ ሰፈር ቺክንላንድ የሚባል አንድ ተራ ዶሮ ቤት ነበር። የፖርቱጋል ተወላጁ ፈርናንዶ ዱዋርቴ ጓደኛውን ሮቢ ብሮዚንን ምሳ ሊጋብዘው ወሰደው። ብሮዚን ደቡብ አፍሪካዊ ነው። በሉ፤ ጣቶቻቸውን ላሱ፤ ከዚያም ቤቱን ወደ 80 ሺህ ራንድ ገደማ ከፍለው ገዙት። ስሙን ናንዶስ አሉት፤ ናንዶ የፈርናንዶ የቁልምጫ አጠራር ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ ቅርንጫፎቹ አራት ሆኑ፤ ሦስቱ ጆሃንስበርግ፣ አንዱ ፖርቱጋል። እ.ኤ.አ. በ1992 ለንደን ገባ፤ በ2008 ዋሽንግተን ደረሰ። ዛሬ ከ20 በሚበልጡ አገሮች ከ1 ሺህ በላይ ምግብ ቤቶች አሉት። ለንደን ውስጥ ስለ ደቡብ አፍሪካ አንድም ነገር የማያውቅ ወጣት እንኳ ይሄን ዶሮ ያውቀዋል።

እዚያው በከተማዋ ደቡብ በኩል ወዳለ አንድ ናንዶስ ገብተን ተቀመጥን። ሰዓቱ የምሳ ነበር። የሥራ ልብስ የለበሱ መካኒኮች፣ ዩኒፎርም ያልቀየሩ ተማሪዎች፣ ሕፃን ያዘለች እናት ተራ ይዘዋል። ሩብ፣ ግማሽ ወይም ሙሉ ዶሮ ታዝዛለህ፤ ከዚያም የቃጠሎውን ልክ ትመርጣለህ። ከሎሚና ከቅጠላ ቅጠል ይጀምርና ለስለስ ያለ፣ መካከለኛ፣ የሚያቃጥል እያለ እስከ ባሰበት ይወጣል። ልጁ ሳያመነታ ባሰበት ያለውን አዘዘ፤ እኔም ተከተልኩት።

ከመጠበሻው ፊት ለፊት ስለነበርን ሥራውን አየሁት። ዶሮው ከጀርባው ተሰንጥቆ እንደ መጽሐፍ ተገልጧል። እንዲህ የሚዘረጋው ደረቱና ጭኑ እኩል እሳት እንዲያገኝ ነው። በፒሪ ፒሪው ተዘፍዝፎ አንድ ሙሉ ቀን ይቆያል፤ ከዚያ ነበልባሉ ላይ ይወጣል። ጠባሹ በመቆንጠጫ ያገላብጠዋል፤ ቆዳው እዚህም እዚያም ጠቆር ሲል፣ ስቡ እሳቱ ላይ ጠብ እያለ ጭሱ ሲነሳ፣ በብሩሽ ድጋሚ ሶሱን ይቀባዋል።

እናቴን አስታወስኩ። እናቴ ዶሮን በ12 ብልት ትበልታለች። በሎሚና በጨው እያሸች፣ ውኃው እስኪጠራ ታጥባለች። ሽንኩርቷን ያለ ዘይት ታቁላላለች፤ ያ ብቻ ግማሽ ቀን ይወስዳል። የኛ ዶሮ በየብልቱ ተለይቶ ድስት ውስጥ ይሰወራል፤ የእነሱ ሳይቆራረጥ እሳት ላይ ይዘረጋል። ሁለቱም ግን ዶሮን በችኮላ አይነኩትም። ፈጣን ምግብ በሚባለው በዚህ ቤት እንኳ ጊዜ ከቅመሙ አንዱ ሆኖ አገኘሁት። ሎሚውም፣ ነጭ ሽንኩርቱም፣ ቃጠሎውም ያው የምናውቀው ነው። የመጀመሪያውን ጉርሻ ስውጥ ግንባሬ ላይ ላብ ቸፈፍ አለ፤ ዓይኔም እንባ አቀረረ። ልጁ አየኝና “ሚጥሚጣ ነው አይደል?” አለ። ነው።

ዝምድናውም የእውነት ነው። ለፒሪ ፒሪ የሚሆነው ትንሿ፣ ቀጭኗ፣ ሽቅብ የምትበቅለው ቃሪያ ለሚጥሚጣ ከምትደርቀዋ ጋር የአንድ ቤተሰብ ናት። በእንግሊዝኛ የወፍ ዓይን ይሏታል። የቃሪያ ዘር ሁሉ መነሻው አሜሪካ ነው፤ ከኮሎምቦስ ጉዞ በፊት በአፍሪካም፣ በአውሮፓም፣ በእስያም አልነበረም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ውቅያኖስ የሚያቋርጡ መርከቦች ወደ አፍሪካ ዳርቻ አመጡት፤ ከእነዚያም መካከል የፖርቱጋሎቹ ዋነኞች ነበሩ። ከባሕር ዳር ወደ ውስጥ ደግሞ ወፎች አግዘውታል። እኛን የሚያንገበግበን ቅመም ወፍን አያቃጥላትም፤ ጣዕሙን የምትለይበት ስሜት የላትም። ትለቅመዋለች፤ ትበራለች፤ ፍሬውን ከኩሷ ጋር ሌላ አገር ትጥለዋለች። እዚያም ይበቅላል።

ስሙ ደግሞ በሌላ አቅጣጫ ተጉዟል። ጥንት ሕንዶች የቁንዶ በርበሬን ዘመድ ከሚጠሩበት ቃል ተነስቶ በዐረብኛ ፊልፊል ተባለ፤ በስዋሂሊ ፒሊፒሊ ሆነ፤ በሞዛምቢክ ፒሪ ፒሪ ተብሎ ጸና። ተክሉ ከምዕራብ፣ ቃሉ ከምሥራቅ መጥተው በአፍሪካ ዳርቻ ተገናኙ። ፖርቱጋላዊው ቫስኮ ዳ ጋማ ያንን ዳርቻ እ.ኤ.አ. በ1498 ሲነካ የሕንድን ቁንዶ በርበሬ ፍለጋ ላይ ነበር። የእሱ ልጅ ክሪስቶፎር ዳ ጋማ በ1541 ወደ 400 የሚጠጉ ወታደሮች ይዞ ምጽዋ ወረደ፤ ለዐፄ ገላውዴዎስ ወግኖ ሲዋጋ ተማርኮ በዓመቱ በአገራችን ምድር ተገደለ። ሮዜተንቪል ተቀምጬ ይሄን ሳስብ፣ ሩቅ ይመስለኝ የነበረው ነገር ሁሉ ወደ ገበታዬ ቀረበ።

ልጁ አጥንቱን እየጋጠ ወደ ዶሮው ምልክት ጠቆመና “ለምን ዶሮ ሆነ? ዶሮ ስለሚሸጡ ነው?” አለኝ። እኔም የማውቀውን ተረኩለት።

በሰሜን ፖርቱጋል ባርሴሎስ የምትባል ከተማ አለች። አንድ ቀን በከተማዋ ስርቆት ተፈጸመና ሌባው ጠፋ። በዚያው ሰሞን ወደ ቅዱስ ያዕቆብ መቃብር ወደ ሳንቲያጎ የሚሳለም አንድ መንገደኛ አለፈ። እንግዳ ነው፤ የሚያውቀው የለም፤ ስለዚህ ያዙት። ስሞታውን የሚሰማው አጥቶ ስቅላት ተፈረደበት። ወደ መስቀያው ሲነዱት ለመጨረሻ ጊዜ ዳኛው ፊት አቅርቡኝ ብሎ ለመነ። ዳኛው ከወዳጆቹ ጋር ገበታ ላይ ነበር፤ መሀል ላይ የተጠበሰ አውራ ዶሮ ቀርቧል። መንገደኛው ወደ ዶሮው አመለከተና ንጹሕ መሆኔ እርግጥ ነው፤ ስሰቀል ይሄ ዶሮ ይጮኻል አለ። ሳቁበት፤ ወሰዱትም። ገመዱ ሲጠብቅ የተጠበሰው ዶሮ ከሳህኑ ላይ ተነስቶ ጮኸ። ዳኛው እየሮጠ ሲደርስ ቋጠሮው በደንብ ሳይታሰር ቀርቶ መንገደኛው በሕይወት ነበር። በሰላም አሰናበተው። ከዚያ ወዲህ የባርሴሎስ አውራ ዶሮ የፖርቱጋል ሁሉ ምልክት ሆነ፤ የናንዶስም ዶሮ ዘሩ ከዚያ ነው።

ልጁ መብላቱን አቆመ። “እንግዳ ስለሆነ ብቻ ያዙት?” አለ። “እንግዳ ስለሆነ ብቻ” አልኩት። ለረጅም ጊዜ አልተናገረም።

ዝምታው ምን እንደሆነ አውቅ ነበር። ልጁ ጄፒ ከመምጣቱ በፊት እነሱ ሎኬሽን በሚሉት የድሆች ሰፈር ስፓዛ የምትባለዋን ትንሽ ሱቅ ይዞ ነበር። ዳቦ፣ ስኳር፣ ሳሙና፣ የስልክ ካርድ በብረት ፍርግርግ በኩል እያቀበለ ይሸጣል። አንድ ሌሊት ሰዎች መጥተው ሱቁን እስከ መደርደሪያው ነቅለው ወሰዱት። ከነዚያ መሀል ጠዋት ጠዋት ዱቤ ይወስዱ የነበሩትን ፊት ለይቷል። ያተረፈው የለበሰውን ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2008 በአገሪቱ በተነሳው የመጤ ጠል ሁከት 62 ሰዎች ተገድለዋል። ከእነሱ 21ዱ ደቡብ አፍሪካውያን ነበሩ። ቋንቋቸው ወይም መልካቸው መጤ አስመስሏቸው ነው የሞቱት። በ2015 እሳቱ እንደገና ተነሳ፤ በሁለቱም ጊዜ ሱቃቸው ከተዘረፈው መካከል ኢትዮጵያውያን ነበሩ።

በእነዚህ ሁለት ሁከቶች መሀል፣ በ2012፣ ናንዶስ አንድ ማስታወቂያ ሠራ። ሰዎች ድንበር ሲሻገሩ ይታያሉ፤ የአገሪቱ ችግር እናንተ መጤዎች ናችሁ፣ ወደ መጣችሁበት ሂዱ የሚል ድምፅ ይሰማል። ወዲያው ሰዎቹ ጭስ ሆነው ይጠፋሉ። ድምፁ ግን አይበቃውም። ከሌላ አፍሪካ የመጣውን ያስወጣል፤ ሕንዱን፣ ቻይናውን፣ አውሮፓዊውን፣ አፍሪካነሩን ያጠፋል፤ ቀጥሎም እዚያው የተወለዱትን ነገዶች በየተራ ያተናል። በመጨረሻ በረሃው ላይ አንድ የኮይሳን አዳኝ ብቻውን ይቀራል። እሱም የትም አልሄድም፤ ያገኛችሁኝ እዚሁ ነው ይላል። የአገሪቱ ዋና ዋና የቴሌቪዥን ጣቢያዎች አናስተላልፍም አሉ፤ ሕዝቡ ግን በዩቲዩብ ተቀባብሎ አየው። ማስታወቂያ ነው፤ የተሠራውም አዲስ ምግብ ለመሸጥ ነው። እኔ ግን ያየሁት የባርሴሎሱን ዶሮ ነው። ተጠብሶ ገበታ ላይ ከተቀመጠበት ብድግ ብሎ ለመንገደኛው የመሰከረውን ዶሮ።

ከምሳ በኋላ በሰፈሩ በእግራችን ዞርን። የቅዱስ ጴጥሮስ ትምህርት ቤት የነበረው በዚሁ በሮዜተንቪል ነው። የፀረ አፓርታይድ ታጋዩ ኦሊቨር ታምቦ እዚያ ተምሮ፣ በኋላም ሒሳብና ሳይንስ አስተምሯል። ሙዚቀኛው ሂዩ ማሴኬላ የመጀመሪያ ጡሩምባውን ከአባ ትሬቨር ሃድልስተን እጅ የተቀበለው በዚያ ትምህርት ቤት ሳለ ነው። ለጥቁር ልጆች የሚሰጠው ትምህርት ዝቅ ይበል የሚል ሕግ ሲወጣ፣ ትምህርት ቤቱን ይመሩ የነበሩት መነኮሳት ለመንግሥት ከማስረከብ እ.ኤ.አ. በ1956 መዝጋትን መረጡ። ያ ጡሩምባ ግን አልተዘጋም። ማሴኬላ ስቲሜላ በተሰኘው ዘፈኑ ከሞዛምቢክ፣ ከማላዊ፣ ከሌሶቶ ሰው እየጫነ ወደ ጆሃንስበርግ ጉድጓድ የሚወስደውን ባቡር አሰማን። ጠዋት ያየናቸው ቢጫ ኮረብታዎች የዚያ ባቡር ተሳፋሪዎች ያወጡት አፈር ናቸው። የትምህርት ቤቱን ስም ሳስበው ሌላም ዶሮ ትዝ አለኝ። ጴጥሮስ ያንን ሰው አላውቀውም ባለ ጊዜ የጮኸው ዶሮ። አንዱ ዶሮ ለማይታወቀው ሰው ይመሰክራል፤ ሌላው የሚያውቁትን ሰው አላውቅም የሚሉትን ይወቅሳል።

የማን ነው ብዬ ለመጣሁበት ጥያቄ መልሱ በዚያ ከሰዓት በኋላ ቀስ እያለ ገባኝ። ይሄ ዶሮ ዛሬ የደቡብ አፍሪካ ነው፤ አገሪቱም በኩራት ወደ ዓለም የላከችው ነው። ያመጡት ግን ስደተኞች ናቸው፤ የጠበሱት ሌሎች ስደተኞች፤ ቅመሙም ራሱ መጤ ነው። ሰፈሩ ዶሮውን የእኔ ለማለት አንድ ትውልድ አልፈጀበትም። ዶሮውን ከነቅመሙ በልቶ አመጪውን ግን ዛሬም መታወቂያህን አሳየኝ ይለዋል። ይህ የጆሃንስበርግ ጥፋት ብቻ እንዳይመስለን። እኛም በቆሎውን፣ ድንቹን፣ በርበሬውን ከሩቅ የመጣ መሆኑን ረስተን የአባቶቻችን እንላቸዋለን፤ ከጎረቤት ክልል የመጣውን ሰው ግን መጤ ስንለው አንደበታችን አይያዝም። ምግብ ቀድሞ ዜጋ ይሆናል። ሰው በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል።

ልጁ ከመውጣታችን በፊት ሁለት ሙሉ ዶሮ ለሱቁ ሠራተኞች አስጠቅልሎ ነበርና ሲመሽ ወደ ጄፒ ተመለስን። መንገዱ ዛሬ የሚጠራው በራሂማ ሙሳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 ሴቶች የይለፍ ወረቀት አንይዝም ብለው ወደ ፕሪቶሪያ ሲዘምቱ ከመሯቸው አራት ሴቶች አንዷ ናት። ድሮ የሐኪሞች ቢሮ የነበረው ፎቅ አሁን ከታች እስከ ላይ በልብስና በብርድ ልብስ ተሞልቷል። ደረጃው ላይ ቡና ይሸታል፤ አንዱ በሀዲይኛ፣ አንዱ በአማርኛ ይጣራል። የብረት መዝጊያው ግማሽ ድረስ ወርዷል።

ዶሮውን ባንኮኒው ላይ ዘረጋን። ልጁ ከመደርደሪያው ሥር የቡና ጠርሙስ አወጣ። እናቱ በሰው እጅ ከሆሳዕና የላከችለት ሚጥሚጣ ነው፤ ላዩ ላይ ያልተፈጩ ጥቂት ደረቅ ፍሬዎችም ነበሩበት። አብራው የምትሠራው ልጅ ከማፑቶ የመጣች ናት። ጠርሙሱን ተቀብላ አሸተተችው። ከዶሮው ቆርሳ በትንሹ ነሰነሰችበትና ቀመሰች። ዓይኗን ጨፈነች።

“ፒሪ ፒሪ” አለች። ከዚያ የሴት አያቷ ጓሮ የነበረው እንዲህ ይሸት እንደነበር፣ ጠርሙስ ውስጥ የሚሸጠው ግን እንዲህ እንደማይሸት በእንግሊዝኛ ነገረችን።

የበላችበትን እጇን በሶፍት ጠረገችና ከደረቆቹ ፍሬዎች ልትወስድ ፈቃድ ጠየቀች። ለመብላት አልነበረም። የምትኖርበት ፎቅ በረንዳ ላይ ባዶ የቀለም ቆርቆሮ አለኝ፤ አፈር ሞልቼ እዘራዋለሁ አለች። ልጁ አምስት ፍሬ ቆጥሮ በደረሰኝ ወረቀት ጠቀለለላት። እሷም ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ፣ መዝጊያው እስከ መጨረሻው ከመውረዱ በፊት፣ ጎንበስ ብላ ወጣች።